ወደ ምንጩ ለመዋኘት ለሚወርዱ

ከወላይታ ሶዶ ወደ ደቡብ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ደን ውስጥ፣ ለአርባ ምንጭ ከተማ ስሟን የሰጧት ምንጮች ከገደሉ ሥር ይፈልቃሉ። ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ተጠራቅሞ ሲታይ ለዋና ያጓጓል። የከተማዋ የመጠጥ ውሃም ከእነዚሁ ምንጮች ይቀዳል። ስለዚህ ከሶዶ ለሽርሽር የሚወርድ ሰው በቅድሚያ መዋኘት የሚፈቀድበትን ቦታ ከፓርኩ ስካውቶች ይጠይቅ፤ ሳሙናና ሻምፖ ይዞ አይግባ፤ ልብስና መኪናም አይጠብበት።

አባያ ሐይቅ ግን ለዋና አይሆንም። ወላይታንም የሚያዋስነው ይህ ሐይቅ ውሃው ቀይ ቡናማ ስለሆነ ከሥሩ ያለ አዞ አይታይም። አጃንቾና ሶኬ የተባሉት ወንዞች ጎን ለጎን የሚወረወሩበት የአጆራ ፏፏቴም ከላይ ሆኖ ቢታይ ይሻላል፤ እዚያ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ እንኳ ደጋው ላይ የዘነበው ደራሽ ጎርፍ ሆኖ ሊመጣ ይችላል።

ከአዞም ከጎርፍም ይበልጥ የሚዘነጋው ቢልሃርዚያ ነው፤ በወላይታ አንዳንድ አካባቢዎች የታወቀ በሽታ ነው። የታመመ ሰው ሰገራ ውሃ ውስጥ ሲገባ በሽታውን የሚያመጣው ትል እንቁላሎች ይፈለፈላሉ፤ የወጡት እጮች በቀንድ አውጣ ውስጥ ይባዛሉ፤ ከዚያም በተለይ በቀትር ፀሐይ ወደ ውሃው ወጥተው የዋናተኛውን ቆዳ ሰርስረው ይገባሉ። ቁስል አያስፈልጋቸውም። ቀንድ አውጣው የሚወደው ዝግ ብሎ የሚሄድና ሣር የበዛበት ውሃ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለው ዳርቻ ላይ ልጆች እንዳይንቦጫረቁ ወላጆች ይከልክሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ማንም ሰው ወንዝ ዳር አይጸዳዳ፤ የሽርሽር አዘጋጆችም ቡድኑ ወደ ውሃው ከመውረዱ በፊት መጸዳጃ ቤት ያለበትን ያሳዩ። የበሽታው ሰንሰለት የሚበጠሰው እዚህ ላይ ነው።

አጠራጣሪ ውሃ ውስጥ የገባ ሰው፣ ሕመም ባይሰማውም፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ ጤና ጣቢያ ሄዶ የሰገራ ምርመራ ያድርግ። ቀደም ብሎ መሄድ ብዙም አይጠቅም፤ ትሎቹ ገና እንቁላል አልጣሉም፣ መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴልም ያልጎለመሱትን በደንብ አይገድልም። እስከዚያው ግን ትኩሳት፣ የሆድ ቁርጠት ወይም ደም የቀላቀለ ሰገራ ከታየ ሳምንቱን መጠበቅ አያስፈልግም፤ የት ውሃ ውስጥ እንደገባና መቼ እንደሆነ ለሐኪሙ ይንገር።