የጉጉቷ ዋጋ

የጥንቷን አቴንስ የብር ሳንቲም የሚያወድስ ጽሑፍ ባነበብኩ ቁጥር እቆጣለሁ። የሁሉም ዜማ አንድ ነው፤ በአንዱ ገጽ የራስ ቁር የደፋችው አቴና፣ በሌላው ዐይኗን ያፈጠጠች ጉጉት፣ ከጉጉቷ ጀርባ የወይራ ዝንጣፊና ትንሽ ጨረቃ። ከዚያ «የዴሞክራሲ ፊት» ይሏታል። እኔ አልልም።

ውበቷን አልክድም። ነገር ግን የአቴናን ዐይን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ፊቷ ወደ ጎን ዞሮ ሳለ ዐይኗ ከፊት እንደሚታይ ሙሉ ሆኖ ተቀርጿል። የቀደሙት ቀራጮች ልማድ ነው። እነ ፊዲያስ ይህን ልማድ ትተው ፓርተኖንን ሲያስጌጡ ሳንቲሙ በአሮጌ መልኩ ቀጠለ። እንደሚመስለኝ ምክንያቱ ገበያ ነው፤ የሩቅ አገር ነጋዴ የለመደውን መልክ ያምናል።

እኛ «ብር» ስንል ማዕድኑንም ገንዘቡንም ማለታችን ነው፤ የግሪኮቹ «አርጊሪዮን»ም እንዲሁ ነበር። ታዲያ ማዕድኑን ረስቶ ገንዘቡን ብቻ ማወደስ ከየት መጣ?

ብሩ የወጣው ከላቭሪዮን ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ483 በዚያ የተትረፈረፈ ብር ሲገኝ፣ ቴሚስቶክሊስ ሕዝቡ ገንዘቡን ከሚከፋፈል የጦር መርከብ ቢሠራበት እንደሚሻል አሳመነ፤ በ480 በሳላሚስ ፋርሶችን ድል የነሡት እነዚያ መርከቦች ናቸው። ይህን ሁሉም ይተርካል። ቆፋሪውን ማን ያነሣል? ሰው ቀጥ ብሎ በማይቆምበት ዋሻ፣ በኩራዝ ብርሃን ዓለት የሚፈለፍሉት በአብዛኛው ባሮች ነበሩ። ክሴኖፎን እንደጻፈው የጦር አዝማቹ ኒኪያስ 1000 ባሮች ለማዕድኑ ያከራይ ነበር። ኪራዩ ለአንድ ሰው በቀን አንድ ኦቦል፤ ውሉ ደግሞ ቁጥራቸው እንዳይጎድል ያስገድዳል። የሞተው በሌላ ይተካል ማለት ነው።

ስድስት ኦቦል አንድ ድራክማ ነው። ጉጉቷ ያለችበት ትልቁ ሳንቲም አራት ድራክማ፣ 17 ግራም ያህል። እንግዲህ አስሉት፤ አንዲት ጉጉት የአንድ ሰው የ24 ቀን ኪራይ ናት።

«በዘመኑ ሚዛን ፍረድ» የሚሉኝ አይጠፉም። መልካም፣ በዘመኑ ሚዛን ይሁን። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ413 ስፓርታውያን ዴኬሊያን ከያዙ በኋላ ከ20,000 በላይ ባሮች ከአቴናውያን እንደኮበለሉ ቱኪዲደስ ጽፏል። እነርሱስ የዘመኑ ሰዎች አልነበሩምን?

ያቺው ጉጉት ዛሬ በግሪክ የ1 ዩሮ ሳንቲም ላይ ተቀርጻለች። ትቀረጽ። በቤተ መዘክር መስታወት ውስጥ ስትቀመጥ ግን ከክብደቷና ከዘመኗ ጎን «24 ቀን» ተብሎ ይጻፍልኝ።