ሰኔ 30 ለሦስት ልጆች ብቻ አይሁን



ትምህርት ቤቶች ሊዘጉ ነው። እንደ ወጉ ሰኔ 30 ወላጅ ይሰበሰባል፤ ከየክፍሉ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት ስማቸው ተጠርቶ ይጨበጨብላቸዋል፣ ደብተርና እስክርቢቶ ይሸለማሉ። ደግ ልማድ ነውና ይቀጥል። እኔን የሚያሳስበኝ የቀሩት ናቸው። ስልሳና ሰባ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ሦስቱ ሲሸለሙ ሌላው ካርዱን አራት ቦታ አጥፎ ኪሱ ይከትና እናቱ «ስንተኛ ወጣህ?» ሳትለው ከግቢው ይወጣል። የዓመቱን ቂም ያን ዕለት በድብድብ የሚወጣውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ቀኑ ለእሱ ያዘጋጀለት ሌላ ነገር የለማ!

በእኛ በወለጋ ነገሩ ይብሳል። አካባቢያችን በግጭት በታመሰባቸው ዓመታት በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል፤ ከቀዬው የተፈናቀለው ልጅ ብዙ ነው። ዛሬ ከታናሹ እኩያ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የሚማር ጎረምሳ አለ። አፍሮ አለመቅረቱ ትልቅ ውጤት ነው፤ ካርዱ ላይ ግን የሚጻፍበት ቦታ የለውም።

የ12ኛ ክፍልን ፈተናም እንይ። በ2015 ዓ.ም. ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኙ 3.2 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2017 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 8.4 ከመቶ ከፍ ብሏል። ኩረጃው እንዲቀር ፈተናው መጥበቁን ከልቤ እደግፋለሁ። ነገር ግን የምናጨበጭበው ላለፈ ብቻ ከሆነ፣ አንድም ባላሳለፉት በእነዚያ ትምህርት ቤቶች ሁሉ አንድም የሚመሰገን ልጅ አልነበረም ማለት ነው። ስንት ዓመት ያስተማርኩ ጡረተኛ መምህር ነኝና ይህን አልቀበልም።

የምጠይቀው ቀላል ነው። የክፍል ኃላፊው መምህር ስለ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ እውነተኛ ዐረፍተ ነገር ጽፎ ወላጅ ፊት ያንብብ። «በመጀመሪያው መንፈቅ ሒሳብ 38 ነበራት፤ በሁለተኛው 61 አደረሰችው።» «ጓደኛው ታሞ ሲተኛ ማስታወሻውን እየገለበጠ ቤቱ ድረስ ወሰደለት።» ንባቡም እናትየው በምትሰማው ቋንቋ፣ በአፋን ኦሮሞ ይሁን።

«ሁሉም ከተመሰገነ ምስጋናው ይረክሳል» የሚሉ የሥራ ባልደረቦች ነበሩኝ። ማርክ ይጨመር አላልኩም፤ ደረጃውም አይነካ። የሐሰት ሙገሳን ከማንም ቀድሞ የሚያውቀው ራሱ ልጁ ነው፤ ስለዚህ እውነቱ ተፈልጎ መገኘት አለበት። ስለ አንድ ተማሪ የሚጽፈው ያጣ መምህር ደግሞ ያን ልጅ ዓመቱን ሙሉ እንዳላየው ይገባዋል፤ ይህም በራሱ ትልቅ ጥቅም ነው።

ወላጅ አይመጣም የሚል ካለ የራሳችንን የቦጂን ታሪክ ያስታውስ። መምህሩ ገብረ ኤዎስጣቴዎስና ባለቤታቸው ጉመሽ ወልደ ሚካኤል በ1890ዎቹ መጀመሪያ እዚህ መጥተው ልጆቻችንን ማስተማር ጀምረዋል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ትምህርትን የሚወድ ሕዝብ ነው፤ ስለ ልጁ መልካም ነገር ይነገራል ከተባለ እርሻውን ትቶ ይመጣል።

ስልሳ ዐረፍተ ነገር ለማንበብ ሩብ ሰዓት ይበቃል። መምህራኑ ሮስተር ሲሞሉ ጎን ለጎን መጻፍ ቢጀምሩ ለዘንድሮው ሰኔ 30 ይደርሳል።

ጡረተኛ መምህር፣ ከቢላ