መሬቱ ርካሽ ነው፤ ውሃውስ?

ከሌላ አገር ገበሬ እንማር

መሬት ርካሽ ነው ሲባል ሰው ይቸኩላል። «ለምን ረከሰ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ዛሬ በአሜሪካ የምትገኝ አንዲት ደረቅ አገር እንመለከታለን። ስሟ ኮስቲያ ካውንቲ ይባላል። ካውንቲ ማለት እንደ ወረዳ ያለ አስተዳደር ነው። ኮስቲያ ያለችው በኮሎራዶ ደቡባዊ ጫፍ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አገሯ ሰፊ ናት። ነዋሪዋ ግን በ2020 ሲቆጠር 3,500 ያህል ብቻ ነበር። ዋና ከተማዋ ሳን ልዊስ ትባላለች። የከተማዋ ከፍታ ከአዲስ አበባ ጋር ይቀራረባል። ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያው ደጋ ናት፤ ገብስ ታበቅላለች» ይል ይሆናል። አይቸኩል። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። በኮስቲያ ሜዳ ላይ የሚዘንበው ግን ከ180 እስከ 250 ሚሊ ሜትር ነው። ውርጭ የማይኖርበት ጊዜም ሦስት ወር ያህል ብቻ ነው።

ድሮ የአሜሪካ መንግሥት በ1862 ሕግ መሠረት፣ መሬት ላይ አምስት ዓመት ኖሮ ላረሰ ሰው 160 ኤከር በነፃ ይሰጥ ነበር። ይህ 65 ሄክታር ያህል ነው። ሕጉ በ1976 ተሻረ፤ በአላስካ ብቻ እስከ 1986 ቆየ። አሁን መሬት የሚገኘው በገንዘብ ነው።

በ1970ዎቹ በኮስቲያ ሰፊ ደረቅ ሜዳ አምስት አምስት ኤከር እየተሸነሸነ በማስታወቂያ ተሸጠ። አምስት ኤከር ሁለት ሄክታር ያህል ነው። ብዙዎች መሬቱን በዓይናቸው ሳያዩ ገዙ። ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሆነ። በብዙው ቦታ ቧንቧ የለም፤ መብራትም የለም።

ታዲያ እንዲህ ያለ መሬት ልግዛ የሚል ሰው ምን መመርመር አለበት?

አንደኛ፦ ውሃ። በኮሎራዶ መሬት መግዛትና ውሃ ማግኘት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሕጉ «ቀድሞ የጠለፈ ቀድሞ ይወስዳል» የሚል ነው። ውሃ ሲያንስ ኋላ የመጣው ይቆማል። ጉድጓድ ለመቆፈርም ፈቃድ ያስፈልጋል። መሬቱ ከ35 ኤከር ካነሰ፣ ብዙውን ጊዜ የሚፈቀደው ለቤት ውስጥ የሚሆን ውሃ ብቻ ነው። ጎመን አጠጣለሁ፣ ከብት አረባለሁ ያለ ሰው ምን ይውጠው?

«የጣሪያ ውሃ አጠራቅማለሁ» የሚልም አለ። እስቲ እናስላ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ነው። ጣሪያው 50 ካሬ ሜትር፣ የዓመቱ ዝናብ 200 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ 10,000 ሊትር ይሆናል። አራት ሰዎች እያንዳንዳቸው በቀን 40 ሊትር ቢጠቀሙ፣ የቀኑ ወጪ 160 ሊትር ነው። የዓመቱ የጣሪያ ውሃ በሁለት ወር አለቀ ማለት ነው። ሌላም አለ። በ2016 የወጣው ሕግ የሚፈቅደው ሁለት በርሜል ብቻ ነው፤ ሁለቱ በአንድ ላይ 416 ሊትር ያህል ይይዛሉ። ይህ ሦስት ቀን እንኳ አይሞላም። የቀረው ውሃ በመኪና ይጋዛል። እንግዲህ የነዳጁና የውሃው ዋጋ ከመሬቱ ዋጋ ላይ ይደመር።

ሁለተኛ፦ ብርድና ንፋስ። ሻጭ መሬት የሚያሳየው አየሩ ሲያምር ነው። ገዢ ግን በጥር ሄዶ ይየው። በዚያ ወር ሌሊቱን ውሃ በበርሜል ውስጥ በረዶ ይሆናል። ማገዶውስ ከየት ይመጣል?

ሦስተኛ፦ መንገድና ፈቃድ። በካርታ ላይ የተሰመረ መንገድ ሁሉ መኪና አያሳልፍም። በሽተኛ ቢኖር ሐኪም ቤት በስንት ሰዓት ይደረሳል? ቤት ሠርቶ ለመኖርም የመጸዳጃ ጉድጓዱ በፈቃድ መሠራት አለበት። ይህም ገንዘብ ነው። ያለችውን ሁሉ ለመሬቱ የከፈለ ቤተሰብ እዚህ ላይ ይቀራል።

አራተኛ፦ ቀድመው የሰፈሩት ሰዎች። ከኒው ሜክሲኮ የመጡ ገበሬዎች ሳን ልዊስን የመሠረቱት በ1851 ነው። በ1852 ደግሞ ከኩሌብራ ወንዝ የመስኖ ቦይ ጠለፉ። ማሳውን በቀጭን በቀጭኑ ከፍለው ለየቤተሰቡ ከውሃው ድርሻ ሰጡ። የጋራ ግጦሽም አስቀሩ። ያ ቦይ ዛሬም ይፈሳል። በኮሎራዶ ሳይቋረጥ ሲሠራበት ከኖረው የውሃ መብት ሁሉ ቀዳሚው የእርሱ ነው። እነዚህ ገበሬዎች መጀመሪያ ውሃውን አዩ፤ ከዚያ መሬቱን ተካፈሉ። የ1970ዎቹ ገዢዎች መጀመሪያ መሬቱን ገዙ፤ ውሃውን ከዚያ በኋላ ፈለጉ።

ደረቅ አገር አይታረስም፣ አይኖርበትም ማለታችን አይደለም። ይኸው ሰው ከ170 ዓመት በላይ ኖሮበታል። ግን የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው። መሬቱን የሚሸጠው ሰው ስለ መሬቱ ይናገራል። ስለ ውሃው የሚናገር ግን እዚያው የኖረ ጎረቤት ነው። ገንዘብ ከመክፈል በፊት እርሱን መጠየቅ ይበጃል።

ጥያቄዎች

1. አዲስ አበባና ሳን ልዊስ በምን ይመሳሰላሉ? በምንስ ይለያያሉ?
2. በቤታችሁ በቀን ስንት ጀሪካን ውሃ ያልቃል? በወርስ? አስሉ።
3. የ1852ቱ ገበሬዎች ማሳ ከመከፋፈላቸው በፊት ምን ሠሩ? ለምን?