የመጽሔቱ ጥቅል ከዩኒቨርሲቲው አጥር ይውጣ

አምበር ላይ የተመደበ አንድ የግብርና ባለሙያ ይታሰብ። ገበሬው «ማዳበሪያ ብጨምርበትም መሬቱ አልሰጥ አለኝ» ይለዋል። ባለሙያው ችግሩ አዲስ አይሆንበትም፤ የጎጃም ደጋ አፈር አሲዳማ ነው፣ መድኃኒቱም ኖራ ነው። ግን ለዚህ ማሳ ስንት ኩንታል? በስንት ዓመት አንዴ? ስልኩን አውጥቶ ሲፈልግ ጥናት ያገኛል። አጭር መግለጫውን ያነባል። ሙሉውን ልክፈት ሲል 30 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ክፈል ይለዋል። በዶላር የሚከፍልበት ካርድ ደግሞ የለውም።

የሚያስቆጨው፣ ይህ ሰው ዩኒቨርሲቲ ሳለ ያንኑ ጽሑፍ በነፃ ማንበብ ይችል የነበረ መሆኑ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትልልቆቹ አሳታሚዎች ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ወዲህ መጽሔቶቻቸውን በመቶዎችና በሺዎች ጠቅልለው በአንድ ውል ይሸጣሉ። ቤተ መጻሕፍቱ የሚፈልገውን ለማግኘት የማይፈልገውንም አብሮ ይገዛል። ዋጋው ሀብታሞቹንም አማሯል። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በ2019 ከኤልሰቪየር ጋር የነበረውን ውል አቋርጦ፣ የተመለሰው በ2021 በአዲስ ስምምነት ነው።

ኢትዮጵያ ከዚህ ሸክም በአብዛኛው የዳነችው በሪሰርች ፎር ላይፍ በኩል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2002 ሂናሪን፣ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት በ2003 አጎራን ጀመሩ። ኢትዮጵያ በነፃ ከሚጠቀሙት አገሮች ምድብ ውስጥ ናት። የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የሕክምናውን፣ የግብርናውን፣ የአካባቢ ጥበቃውን ጥቅል የሚያገኙት በዚህ መንገድ ነው።

በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል። በነፃ የመጣ ጥቅል ስንት ሰው እንደተጠቀመበት የሚጠይቅ አይኖርም። በሪፖርት ላይ «ይህን ያህል ሺህ መጽሔት አለን» ይባላል። መቆጠር ያለበት ግን የተነበበው ነው። የትኛው ትምህርት ክፍል ምን አወረደ? ምን ፈልጎ አጣ? የይለፍ ቃሉን ያላገኘው መምህር ስንት ነው? ይህን የማያውቅ ቤተ መጻሕፍት ነገ በገንዘቡ ይግዛ ቢባል ምን እንደሚመርጥ አያውቅም።

ከሁሉ የሚብሰው ግን አጥሩ ነው። የሪሰርች ፎር ላይፍ በር ለዩኒቨርሲቲ ብቻ የተከፈተ አይደለም። ጤና ተቋማት፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ የግብርና ኤክስቴንሽን ማዕከላትና አገር በቀል ድርጅቶችም መመዝገብ ይችላሉ። ግለሰብ አይመዘገብም፤ መሥሪያ ቤቱ ግን ይመዘገባል። እንግዲህ የአነደድ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤትም ሆነ የአምበር ጤና ጣቢያ ማመልከት የሚከለክላቸው የለም። የሚያስፈልገው መንገዱን የሚያውቅ ሰው ነው። ያ ሰው ደግሞ ብዙም ሳይርቅ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አለ።

«ኢንተርኔት በሌለበት ምን ይሠራል?» የሚል ይኖራል። እውነት አለው። ከ2015 ዓ.ም. መገባደጃ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ማንም አልረሳውም። ግን መልሱ መተው አይደለም። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያና የአፈር መምህር ተቀምጠው ስለ ኖራ አጠቃቀም የተጻፈውን በሁለት ገጽ አማርኛ ቢያጠቃልሉ፣ ወረቀቱ ያለ ኢንተርኔት አምበር ይደርሳል።

ደግሞም ስጦታ የሰጪው ነው። በጥር 2011 (እ.ኤ.አ.) አንዳንድ አሳታሚዎች ከ2,500 የሚበልጡ መጽሔቶችን ከባንግላዴሽ ተጠቃሚዎች ላይ ድንገት ዘግተው ነበር፤ የከፈቱት ጩኸት ከበዛ በኋላ ነው። ስለዚህ የራስን ጎተራ መሙላት ግድ ነው። የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር በ2019 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ፖሊሲ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ምርምር ለሁሉም ክፍት እንዲሆን ያዛል። ፖሊሲው አለ፤ የጎደለው እያንዳንዱ መምህር ጽሑፉን፣ እያንዳንዱ ተመራቂ የመመረቂያ ሥራውን በዩኒቨርሲቲው ክፍት ማኅደር ማስገባቱን የሚከታተል ነው።

ለጥናቱ አፈሩን የሰጠው ገበሬው ነው። ውጤቱ ተመልሶ ማሳው ላይ ካልደረሰ፣ የመጽሔቱ ብዛት ለማን ይቆጠራል?