ለፀሓይ ግንብ የሚስማማ ሐረግ

በቤታቸው አጠገብ አትክልት የሚያለሙ ሰዎች ዛፉንና አበባውን በየስፍራው ካሰናዱ በኋላ አንድ ነገር ይቀራቸዋል፤ ይኸውም የአጥሩ ግንብ ነው። ግንብ ራቁቱን ሲቆም ዓይንን ያስከፋል፤ በበጋም ፀሓይ ሲመታው ሙቀቱን መልሶ በተቀመጠው ሰው ላይ ያወርደዋል። ስለዚህ ባለቤቱ አትክልተኛውን ጠርቶ ቶሎ የሚያድግ ሐረግ ፈልግ ብሎ ያዝዘዋል፤ እርሱም ከጎረቤት ያገኘውን ቈርጦ ይተክላል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ግን ያ ሐረግ ጣራ ላይ ወጥቶ፤ አሸንዳ ዘግቶ፤ ኖራውን አላቅቆ ሲገኝ ፍርዱ በመጥረቢያ ይሆናል። ቶሎ ማደግን መውደድ የሚገባ ነው፤ ነገር ግን ቶሎ የሚያድግ ሐረግ ግንቡ በተሸፈነ ጊዜ በቃኝ አይልም።

እንግዲህ ሐረጉ ሳይመረጥ ግንቡ ይመርመር። በአዲስ አበባ ወደ ደቡብ የሚመለከት ግንብ ከመስከረም ጀምሮ እስከ መጋቢት ድረስ ፀሓይ አይለየውም፤ ይህም ዝናም የሚጠፋበት ወራት ስለ ሆነ ሥሩ ሲደርቅ ራሱ ይቃጠላል። ግንቡ የጭቃ ወይም አሮጌ የኖራ ምርግ ያለው እንደ ሆነ፤ በግንዱ ላይ ሥር እያወጣ ግድግዳ የሚይዘውን ዐይነት አለመትከል ይሻላል። ሲነቅሉት ምርጉን ይዞ ይወርዳልና። በሽቦ ወይም በገመድ ላይ የሚጠመጠመው ግን ግንቡን አይነካውም።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ቡገንቪሊያን ነው፤ አሳቡም ስሕተት የለበትም። ይህ ተክል የደቡብ አሜሪካ ተወላጅ ሲሆን ስሙን ያገኘው በ1766 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ዓለምን ሊዞር ከፈረንሳይ ከተነሣው ከመርከብ አዛዡ ከቡገንቪል ነው። በዚያው ጕዞ የተክል ሊቁን ኮሜርሶንን ትረዳ የነበረችው ዣን ባሬ የወንድ ልብስ ለብሳ ሴትነቷን ደብቃ እንደ ነበር ሲነገር እመቤቶቻችን ሳይደነቁ አይቀሩም። ቀይና ሐምራዊ ሆኖ የሚታየው ቅጠል እንጂ አበባው አይደለም፤ እውነተኛው አበባ በመካከሉ ያለው ትንሹ ነጭ ነው። ቡገንቪሊያ ፀሓይ ይወዳል፤ ውሃና ፍግ ሲበዛበት ግን ቅጠል ብቻ ያበዛል። እሾኽ ስላለው ልጆች በሚመላለሱበት በር አጠገብ አይተከልም። ውርጭም ያቃጥለዋል፤ ስለዚህ በድሬዳዋ እንደ ልቡ ሲያድግ በደብረ ብርሃን አይመከርም። በአዲስ አበባ ቀን የሞቀው ግንብ ሌሊት ሙቀቱን ስለሚያካፍለው ከሜዳ ይልቅ በግንብ ሥር ይሻለዋል።

ፍሬ ለሚሻ ቤተ ሰብ ጥቍር ሐምራዊ ፍሬ የሚሰጠው ፓሽን ፍሩት አለ። በአንድ ዓመት ብዙ ክንድ ይዘረጋል፤ ዕድሜው ግን አጭር ስለ ሆነ ከጥቂት ዓመት በኋላ በሌላ መተካት ያሻዋል።

በእኔ አስተያየት ግን ከኹሉ የተዘነጋው የገዛ አገራችን ጠንበለል ነው። በደጋና በወይና ደጋ ጫካ ዳር በራሱ ይበቅላል፤ ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ አይረግፍም፤ ነጭ አበባውም ማታ ማታ ግቢውን በሽታው ይሞላዋል። ጫካ ያበቀለውን ንቆ ከባሕር ማዶ የመጣውን ብቻ ማክበር ምን ይባላል? ችኰላ ላለበት ሰው በመጀመሪያው ክረምት ከጎኑ አደንጓሬ ቢዘራ ጠንበለሉ እስኪጸና ድረስ ግንቡን ይሸፍንለታል፤ ለወጥ ቤትም ይተርፋል። የአዞ ሐረግም ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ጭማቂው ቈዳ ስለሚያቈስል ሕፃናት ባሉበት ግቢ አልመርጠውም። እንዶድም እንዲሁ ቶሎ ይሳባል፤ በ1964 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ የቢልሃርዚያን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያስተዋሉበት ያው የልብስ ማጠቢያችን ነው። ከብት ከበላው ግን ይጎዳዋልና ቦታው ከበረት ይራቅ።

አተካከሉን በአጭሩ እንናገር። ጕድጓዱ በሰኔ ከግንቡ 45 ሳንቲ ሜትር ርቆ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቈፈር፤ በግንቡ ሥር ያለውን አፈር ዝናም በደንብ አያገኘውምና። ሽቦው ከግንቡ ጥቂት ተለይቶ በየ40 ሳንቲ ሜትሩ ይወጠር፤ ነፋስ በመካከሉ ካለፈ እርጥበት አይከማችም። ቡገንቪሊያ ሲተከል ሥሩን የያዘው አፈር እንዳይፈርስ ይጠንቀቁ፤ ሥሩ ቶሎ ይበጠሳል። የመጀመሪያው በጋ እስኪያልፍ በሳምንት ሁለት ጊዜ በደንብ ይጠጣ፤ ማሰሪያውም ሽቦ ሳይሆን የጨርቅ ቅዳጅ ይሁን፤ ግንዱ ሲወፍር ሽቦ ይቈርጠዋልና በየዓመቱ ከክረምት በፊት ተፈትቶ ላላ ተደርጎ ይታሰር።