የማይታየው ጋዝ

ልጆች፣ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣውን «ሱፐር ማሪዮ 64» የተጫወታችሁ ዋሻው ውስጥ ያለውን መርዘኛ ጋዝ ታውቁታላችሁ። ማሪዮ እዚያ ሲገባ ጉልበቱ ቀስ በቀስ ያልቃል፤ የብረት ኮፍያውን ካደረገ ግን ምንም አይሆንም።

ጌሙ ደስ ይላል። አንድ ነገር ግን ያሳስታል እላለሁ። እዚያ ጋዙም፣ የቀረው ጉልበትም በዓይን ይታያል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን አይታይም፣ አይሸትም። ራስ ያሳምማል፣ ያቅለሸልሻል፣ ይገድላልም።

ወላጆች፣ ለቡና ብለን ቤት ውስጥ ከሰል አናቀጣጥል፤ በኤሌክትሪክ ምድጃም ይፈላል። የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርምም እንግጠም። ልጆች፣ አላርሙ ከጮኸ ወይም ሁላችሁንም ራስ ካመማችሁ «ቶሎ ውጭ እንውጣ» በሉ። እንደ ማሪዮ ትርፍ ነፍስ የለንም!