የፒተርሰን መንገድ፦ ከጠባቡ መርከብ ወደ ሆሊውድ

ቮልፍጋንግ ፒተርሰን በሚሊዮን ዶላሮች በሚቆጠር በጀት ከመሥራቱ በፊት ሙያውን የተማረው በትንንሽ ሥራዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 በሰሜን ጀርመኗ የወደብ ከተማ በኤምደን ተወለደ። በሃምቡርግ ቴአትር ቤት ጀምሮ፣ ከ1966 አንስቶ በበርሊን የፊልምና የቴሌቪዥን አካዳሚ ተማረ። ከዚያ ሲወጣ በሩን የከፈተለት ቴሌቪዥን ነበር። «ታትኦርት» ለተሰኘው ታዋቂ የወንጀል ምርመራ ድራማ በርካታ ክፍሎችን ሲያዘጋጅ፣ በውስን ገንዘብ የተመልካችን ልብ አንጠልጥሎ ማቆየትን ለመደ።

ልምዱ ፍሬ ያፈራው በ1981 በወጣው «ዳስ ቡት» ነው። ፊልሙ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአንድ ሰርጓጅ መርከብ ውስጥ የታፈጉ የጀርመን ባሕርተኞችን ይከተላል። የመርከቡ ውስጠኛ ክፍል በሙኒክ ስቱዲዮ በእውነተኛው ልክ ተሠራ። የካሜራ ባለሙያው ዮስት ቫካኖ ካሜራውን በእጁ ይዞ በጠባቡ መተላለፊያ ይሮጥ ነበር። ተዋንያኑም ፊታቸው እንዲገረጣ ከፀሐይ ራቁ። ፊልሙ በ6 ዘርፎች ለኦስካር ታጨ፤ ሁለቱ፣ የዳይሬክተርነቱና የጽሑፉ፣ የራሱ የፒተርሰን ነበሩ።

ሆሊውድ የፈለገው ይህንኑ ችሎታ ነው። አጀማመሩ ግን አልቀናም፤ በ1985 የወጣው «ኤነሚ ማይን» በገበያ ወደቀ። ስሙ የጸናው በ1993 ክሊንት ኢስትውድ የፕሬዚዳንት ጠባቂ ሆኖ በተወነበት «ኢን ዘ ላይን ኦፍ ፋየር» ነበር። «ኤር ፎርስ ዋን» (1997) በተጠለፈ አውሮፕላን ውስጥ፣ «ዘ ፐርፌክት ስቶርም» (2000) ማዕበል በሚንጣት ዓሣ አስጋሪ ጀልባ ላይ ያተኩራሉ። ዶላሩ ቢበዛም ዘዴው ያው ነው፦ መውጫ ያጡ ሰዎች፣ እየጠበበ የሚሄድ ጊዜ።

«ትሮይ» (2004) ከዚህ ወጥቶ ሰፊ የጦር ሜዳ ያዘ፤ ወደ 500 ሚሊዮን ዶላር ቢያስገባም፣ የሰርጓጁን ያህል አያስጨንቅም። በ2006 ደግሞ «ፖሳይደን» በተገለበጠ መርከብ ወደ ቀድሞው ስልት ተመለሰ። ይሁንና 160 ሚሊዮን ዶላር የፈጀው ፊልም ከሰረ፤ ጠባብ ቦታ ብቻውን በቂ አለመሆኑ ታየ። በ«ዳስ ቡት» ተመልካች ከመርከቡ በፊት ሰዎቹን ያውቃል፤ እዚህ ግን ውሃው ቀደማቸው።

ከ10 ዓመት ዝምታ በኋላ፣ በ1976 ለቴሌቪዥን የሠራውን የባንክ ዘረፋ ኮሜዲ በ2016 በጀርመን ዳግም ለሲኒማ አዘጋጀ። የመጨረሻ ፊልሙም ይኸው ሆነ። ፒተርሰን በነሐሴ 2022 በ81 ዓመቱ ሎስ አንጀለስ ውስጥ አረፈ።